መኪናዋ በሙሉ ሳትቀባ፦ የተጫረና የደበዘዘ ቀለም በቤት ሲታደስ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጀሞ አካባቢ የሚኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራች ብርማ ቶዮታ ኮሮላ ያለቻቸው ሰው ናቸው። ኮፈኑና ጣሪያው ደብዝዟል። የቀኝ የኋላ ፓራፋንጎውን ባጃጅ ጨርፎ ሲያልፍ ሰማያዊ ቀለሙን ትቶበታል። የሾፌሩ በር ላይ በሚስማር የተሰመረ የሚመስል፣ አንድ ክንድ ያህል የሚረዝም ጭረት አለ። ጋራዥ ቢያሳዩ «ሙሉ በሙሉ ካልተቀባች አይሆንም» ተባሉ። ጎረቤታቸው በጥርስ ሳሙና፣ የመኪና አጣቢው በነጭ ጋዝ እንደሚስተካከል ነገሯቸው። «የቱን ልመን? ቤቴ ሆኜ በእጄ ልሠራው የምችለውስ አለ?» ይላሉ።

አለ። ከዘረዘሩት ውስጥ አብዛኛውን በእጅዎ መሥራት ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ፦ መኪናዎን በሙሉ እንዳያስቀቡ። ይህን የምልዎ ከሃያ ዓመት በላይ መኪና በመቀባት የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የፋብሪካ ቀለም አንዴ ከተፋቀ ተመልሶ እንደማይመጣ ስለማውቅ ነው።

ፋብሪካ ውስጥ የሚቀባው ባዶ ላሜራ ነው። ወንበር፣ ሽቦ፣ መስተዋትና ላስቲክ ከመግባቱ በፊት አካሉ ወደ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት ይጋገራል። ተገጣጥማ ያለቀች መኪና ይህን ሙቀት አትችለውም። ስለዚህ ምድጃ ያለው ጥሩ ጋራዥ እንኳን 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያቆማል፤ ብዙዎቻችን ደግሞ የምናደርቀው ግቢ ውስጥ በፀሐይ ነው። ልዩነቱ ዓመታት ሲያልፉ በግልጽ ይታያል። ገዢም ይህን ያውቃል። በር ከፍቶ ጠርዙን በጣቱ የሚዳስሰው፣ ቀቢ የለጠፈው ፕላስተር የተወውን መስመር የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ የተቀባች መኪና ሲያይ ቀድሞ የሚመጣበት ጥያቄ «ምን መትቷት ይሆን?» የሚል ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንግባ። ብርማ ኮሮላ ላይ ከላሜራው ወደ ላይ ስንቆጥር የዝገት መከላከያ፣ ፕራይመር የሚባለው ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መደብ፣ ብርማው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ «ክሊር» የምንለው ቀለም የሌለው ሽፋን አለ። ሁሉም ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የሰው ጸጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። እንግዲህ የመኪናዎ ማብረቅ የተንጠለጠለው ከአንድ ጸጉር በሚቀጥን ሽፋን ላይ ነው።

ይህ ሽፋን ለምን ይደበዝዛል? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ ክሊሩን ቀን በቀን ይበላዋል። ኮፈኑና ጣሪያው ቀድመው የሚደበዝዙትም ፀሐይን ፊት ለፊት ስለሚቀበሉ ነው። የተበላው ገጽ በዓይን የማይታይ ሸካራ ይሆናል፤ ብርሃኑን እንደ መስተዋት መመለሱን ትቶ በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ድብዝዝ ብሎ የሚታየን ያ የተበተነው ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፖሊሽ ጭረትን አይሞላም። ፖሊሽ እጅግ የደቀቀ አሸዋ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም፤ የሚያደርገውም የጭረቱን ዙሪያ እየላገ ወደ ጭረቱ ወለል ማውረድ ነው። ጭረቱ ጠፋ የምንለው ጎረቤቱ ከእሱ ጋር ሲስተካከል ነው። ስለዚህ በፈተጉ ቁጥር ከዚያች ቀጭን ሽፋን ይቀንሳሉ። ክሊር የማይተካ ስንቅ ነው፤ በልክ ይበሉት። በመኪናዋ ዕድሜ ሙሉ ከክሊሩ ላይ ከ8 እስከ 10 ማይክሮን በላይ ማንሳት አይመከርም፤ ከዚያ ካለፈ የቀረው ፀሐይን መቋቋም ያቅተዋል።

ጋራዡ «ሙሉ በሙሉ» ያለዎት ሦስቱን የተለያዩ ችግሮች እንደ አንድ ቆጥሮ ነው። ለይተው ለማየት የሚያስፈልግዎ ውሃና ጥፍር ብቻ ነው። በታጠበ ጭረት ላይ ጥቂት ውሃ ያፍስሱ። ውሃው እያለ ጭረቱ ከጠፋ ክሊሩ ውስጥ ነው፤ በእጅዎ ይስተካከላል። ቀጥለው ጥፍርዎን ጭረቱን አቋርጠው ቀስ ብለው ይሳቡ። ካልያዘዎት ፖሊሽ ብቻውን ይበቃዋል። በጥቂቱ ከያዘዎት የብርጭቆ ወረቀት ይፈልጋል። ጥፍርዎ ገብቶ ከቆመ፣ በውስጡም ነጭ ወይም ግራጫ ፕራይመር ወይም ላሜራ ከታየ የትኛውም ፍትጊያ አያድነውም፤ በቀለም መሞላት አለበት።

ኮፈኑንና ጣሪያውን ደግሞ በጠዋት ብርሃን ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ድብዘዛው ወጥ ከሆነ ደስ ይበልዎ፤ ይመለሳል። ዳርቻ ያለው ነጭ ጥፍጥፍ ከታየ፣ ጠርዙን በጥፍር ሲነኩት ፀሐይ እንደላጠው ቆዳ የሚነሳ ከሆነ ግን ክሊሩ ከቀለሙ ለቋል። የለቀቀ ክሊር በፖሊሽ አይመለስም፤ በፈተጉት መጠን ይብሳል። ያን ጊዜ የሚቀባው ኮፈኑ ወይም ጣሪያው ብቻ ነው፤ አራቱ በሮች ምን በደሉ?

ይህን ለሚያነቡ ነጭ መኪና ላላቸው ሰዎች አንድ ቃል ልጨምር። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ያለው 040 ቁጥር ነጭ ክሊር የለውም፤ ቀለሙ ራሱ ነው የሚያበራው። ሲፈትጉት ጨርቁ ላይ ነጭ ይወጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ አትደንግጡ። እንደ እርስዎ ባለ ብርማ መኪና ላይ ግን ጨርቁ ግራጫ ከያዘ ክሊሩን አልፈዋል ማለት ነውና ወዲያውኑ ያቁሙ።

የጥርስ ሳሙናው ነገር ፍጹም ውሸት አይደለም። ጥርስ የሚያጸዳው በውስጡ ደቃቅ ፈታጊ ስላለ ነው፤ ስለዚህ ቀላል የሆነች የበር እጀታ ሥር የጥፍር ጭረት ሊያደበዝዝ ይችላል። ግን የተሠራው ለጥርስ ነው፤ ኮፈን ሙሉ ቢፈትጉበት ድካም ብቻ ነው የሚያተርፉት። ነጭ ጋዙ ግን ያሳስበኛል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ የተቀባ መኪና ለሁለት ለሦስት ቀን ያበራል፤ የሚያበራው ዘይቱ ሸካራውን ገጽ ስለሸፈነው ነው። ከዚያ አቧራው ይለጠፍበታል፣ የበሩ ላስቲክም እየላላ ይሄዳል። ነጭ ጋዝ ለአንድ ነገር ብቻ ይጠቅማል፦ አዲስ ከተነጠፈ አስፋልት የተረጨ ሬንጅ ለማንሳት። እሱም ሬንጁ ባለበት ብቻ ተነክቶ ወዲያው በሳሙና ይታጠባል።

እንግዲህ ሥራው። ጥላ ያለበት ቦታ ይምረጡ፤ ጥላ ከሌለዎት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሥሩ። ላሜራው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። በሞቀ ላሜራ ላይ ፖሊሹ ይደርቅና እርስዎ ራስዎ አዲስ ጭረት ይፈጥራሉ።

እጥበቱን በሁለት ባልዲ ያድርጉ፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውሃ። መጀመሪያ በብዙ ውሃ አቧራውን ያውርዱ፣ ከዚያ ከጣሪያ ወደ ታች ይውረዱ፤ ጭቃ የበዛበት የበሩ ግርጌ መጨረሻ ይሁን። ለዚህ ለመጀመሪያው ቀን ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይሁንዎ፤ የቆየውን ሰምና ቅባት ያነሳልዎታል። ከዚያ በኋላ ግን የመኪና ሻምፑ ይሻላል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን በፍጹም፤ ያልሟሟችው ቅንጣት ራሷ ትጭራለች።

ታጥባ ስትደርቅ እጅዎን ቀጭን ፌስታል ውስጥ ያስገቡና ኮፈኑን በቀስታ ይዳስሱ። ባዶ እጅ የማያውቀውን ፌስታሉ ይነግርዎታል፤ እንደ ጨው የሚቆረቁር ነገር ይሰማዎታል። ይህ ቀለሙ ላይ የተጣበቀ የብረት ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫና የጭስ ጥቀርሻ ነው። እሱን የሚያነሳው ክሌይ የሚባለው እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ማጽጃ ነው። ገጹን በሳሙና ውሃ እያረጠቡ ያለ ጫና ያንሸራትቱት፤ ሲቆሽሽ አጥፈው ንጹሑን ፊት ያውጡ፤ መሬት ከወደቀብዎ ይጣሉት። የውሃ ጠብታ ደርቆ የተወውን ነጭ ቀለበት ደግሞ አንድ እጅ አቼቶ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ካረጠቡት በኋላ በብዙ ውሃ ያጥቡት።

አሁን ኮፈኑ። ከሶማሌ ተራ ሁለት ዓይነት ይግዙ፦ ሸካራ ኮምፓውንድና ለስላሳ ፖሊሽ። ሁልጊዜ ከለስላሳው ይጀምሩ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ይለዩ፤ በእርጥብ ስፖንጅ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ሁለት ሦስት ጠብታ ያድርጉ፤ መጀመሪያ ሳይጫኑ ያዳርሱት፣ ከዚያ ጠበቅ አድርገው አንዴ ወደ ጎን አንዴ ወደ ፊትና ኋላ ይፈትጉ። አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ፖሊሹ ቀጥኖ እንደ ዘይት ከሥሩ ያለውን ሲያሳይ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይጥረጉት። ቀጥለው በአልኮል የረጠበ ጨርቅ ያሳልፉበት። ይህን እንዳይዘሉ፤ በፖሊሹ ውስጥ ያለው ቅባት ጭረቱን ደብቆ የሠሩ ያስመስልዎታል፤ አልኮሉ እውነተኛውን ገጽ ያሳይዎታል። የስልክዎን መብራት አብርተው በአግድም ይመልከቱ። ለስላሳው ካልበቃው ብቻ ወደ ኮምፓውንዱ ይለፉ፤ ኮምፓውንድ የነካው ቦታ ሁሉ ደግሞ መልሶ በለስላሳው መጨረስ አለበት።

ኮፈንና ጣሪያ በእጅ መሥራት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይወስዳል፤ ትከሻዎም ይነግርዎታል። ሁለት ቀን ቢያደርጉት ይሻላል። ማሽን መከራየት ከቻሉ ስፖንጁን እያሽከረከረ በዙሪያው የሚያወዛውዘውን ዓይነት ይምረጡ፤ ይህ ለጀማሪ የሚራራ ማሽን ነው። በአንድ ቦታ ብቻ የሚሽከረከረውን ለለመደ ሰው ይተዉት። ብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ሱፍ አስረው ፖሊሽ የሚሠሩ አሉ፤ እባክዎ ለእነሱ መኪናዎን አይስጡ። ፖሊሽ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 2,000 ዙር ይበቃዋል፤ ግራይንደር ከ10,000 በላይ ይዞራል።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ሰው ጥቁር መኪና ኮፈን እየወለወልኩ ጠርዙ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ቆየሁ። ማሽኑን ሳነሳ የጣት ጥፍር የምታህል ግራጫ ነጥብ ታየችኝ፤ ፕራይመሩ ነበር። ኮፈኑን በራሴ ወጪ ቀባሁት፤ ሰውየው ይቅር ቢሉኝም የፋብሪካ ቀለማቸውን ልመልስላቸው አልቻልኩም። ጠርዝና የላሜራ እጥፋት ላይ ቀለሙ ሁልጊዜ ስስ ነው። እስከ ዛሬ ማንኛውንም ሥራ ስጀምር ጠርዙን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር እሸፍናለሁ፤ እርስዎም ይሸፍኑ።

ባጃጁ የተወው ሰማያዊ ምልክት ከሁሉ የሚቀለው ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚደነግጠው በእሱ ነው። አብዛኛው ሰማያዊ የእርስዎ ቀለም ላይ የተለጠፈ የባጃጁ ቀለም እንጂ ቁስል አይደለም። ኮምፓውንድ በጨርቅ ይዘው ይፈትጉት፤ ሰማያዊው ወደ ጨርቁ ይመጣል። ቲነር አይሞክሩ። የፋብሪካ ቀለም ለአፍታ ቢችለውም ፓራፋንጎው ከዚህ በፊት ተቀብቶ ከሆነ ቲነሩ ያቀልጠዋል፤ መኪናዋ ከእርስዎ በፊት ምን እንዳሳለፈች ደግሞ በእርግጠኝነት አያውቁም። ሰማያዊው ሲለቅ ከሥሩ ጥቂት መስመሮች ይወጡ ይሆናል። ጥፍር በጥቂቱ የሚይዛቸው ከሆኑ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ተራ ደረሰ።

ቁጥር 2000፣ 2500 እና 3000 ይግዙ፤ ከ2000 ይጀምሩ። ወረቀቱን ሩብ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉ። በጣት አይያዙት፤ ጣት ጎድጓዳ መስመር ይሠራል። የልጆች ላጲስ ላይ ጠቅልለው ይጠቀሙ፤ ጠፍጣፋና ለስላሳ ነው። በሳሙና ውሃ እያረጠቡ፣ ሳይጫኑ፣ በቀጥታ መስመር ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል ያመላልሱና ጠርገው ይዩ። የሚወርደው ውሃ ወተት መምሰሉ ትክክል ነው፤ የሚላገው ክሊሩ ነው። ዙሪያው ደብዝዞ ጭረቱ እንደ ክር ሲያበራ ይታያል፤ ክሩ እየቀጠነ ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አይጠብቁ። ጥቂት ቀርቶት ማቆም ክሊሩን ጨርሶ ከመብሳት ይሻላል። ከዚያ 2500 በተሻጋሪ አቅጣጫ፣ 3000 መልሶ በመጀመሪያው አቅጣጫ፣ ቀጥሎ ኮምፓውንድ፣ በመጨረሻ ፖሊሽ። ቦታው መጀመሪያ ተበላሽቶ የሚታይዎት ጊዜ አለ፤ አይፍሩ፣ ኮምፓውንዱ ይመልሰዋል።

የሾፌሩ በር ጭረት ግን እንደገለጹት ከሆነ ላሜራ ደርሷል። በመጀመሪያ መሠራት ያለበት እሱ ነው፤ ድብዘዛ ዓመት ይታገሣል፣ ዝገት ግን ሐምሌና ነሐሴን አይታገሥም። በሾፌሩ በር መቃን ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፤ «ሲ/ቲአር» ከሚለው ቀጥሎ የመጀመሪያው ቁጥር የቀለሙ ነው። በዚያ ዘመን ብርማ ቶዮታዎች ላይ ብዙ ጊዜ 1ኤፍ7 ይላል። ቁጥሩን ይዘው ሄደው ትንሽ ቀለም ያስቀምሙ፤ በዓይን ግምት አያስቀይጡ፣ ብርማ ቀለም በግምት ገጥሞ አያውቅም።

ጭረቱ ውስጥ ያለውን ዝገት በታጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ያውጡ፤ በአልኮል ያጽዱ። በቀጭን የሥዕል ብሩሽ ወይም በጥርስ እንጨት የዝገት መከላከያ ፕራይመር በጭረቱ ውስጥ ብቻ ያኑሩ። ሲደርቅ ብርማውን ቀለም በስሱ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ እያደረቁ። ጠርሙሱን ደጋግመው ይነቅንቁ፤ ብርማ የሚያደርገው የአሉሚኒየም ቅንጣት ሥር ይቀመጣል። ከዚያ ክሊር፣ ከገጹ ጥቂት ከፍ እስኪል። አንድ ሳምንት ይተዉት። ከዚያ ከፍ ያለውን ብቻ በላጲስ በተጠቀለለ 2500 አስተካክለው ይወልውሉ።

ውጤቱን በሐቅ ልንገርዎ፦ አጠገቡ ቆሞ ፈልጎ ለሚያይ ሰው ይታያል። ብርማ ቀለም ላይ ቅንጣቶቹ በፋብሪካው እንደተኙት አይተኙምና ብርሃኑን በሌላ መንገድ ይመልሳሉ። ከሦስት እርምጃ ርቀት ግን አይታይም፤ ላሜራውም ይድናል። ይህ ካልበቃዎ በሩ ብቻውን ጋራዥ ይቀባ። ቤት ውስጥ ግን ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለውን ክሊር አይርጩ። በማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሳንባ የሚጎዳ፣ አስም የሚያመጣ ነው። ተራ የጨርቅ ጭንብል አይከለክለውም። በልጆች ግቢ ውስጥ የሚረጭ ነገር አይደለም።

ሁሉም ሲያልቅ ሰም ይቀቡ። ስስ አድርገው ቀብተው ደርቆ ጉም ሲመስል ይጥረጉት። በእኛ ፀሐይ ሰም ሁለት ሦስት ወር ቢቆይ ነው፤ ውሃ ሲያፈሱበት ክብ ክብ እያለ መንከባለሉን ሲያቆም ጊዜው ደርሷል። ቢያንስ ሰኔ ሳይገባና መስከረም ላይ ይቀቡ። የወፍ ኩስ ሲያዩ የዚያኑ ቀን በእርጥብ ጨርቅ አርሰው ያንሡት፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ክሊሩን ቆፍሮ ይገባል።

አንድ ነገር ሳይነገር ቢቀር ድካምዎ ከንቱ ይሆንብኛል። መኪናዎን ፀሐይ ላይ አቁመው ቢያዩ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ የሠሩ ሺህ ጥቃቅን መስመሮች ያገኛሉ። እነዚያን የሠራ ባጃጅ ወይም ሚስማር አይደለም። ጠዋት ጠዋት የግቢው ጥበቃ በደግነት፣ በደረቅ ጨርቅ አቧራ ሲጠርግልዎ የተሠሩ ናቸው። የአዲስ አበባ አቧራ አሸዋ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ቁጥር የሌለው የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ሸራ ማልበሱም አቧራዋ ሳይታጠብ ከሆነ ያው ነው፤ ነፋስ ሸራውን ሌሊቱን ሙሉ እያወዛወዘ ይፈትጋታል። ጥበቃውን በአክብሮት ያነጋግሩ፤ ጨርቁን ተቀብለው በምትኩ አንድ ባልዲ ውሃና ለስላሳ ስፖንጅ ይስጡት። ውሃ በሌለበት ቀን አቧራዋን እንደለበሰች ትዋል።